ከቆዳ በታች የተላጨ ፂም

ጥያቄ፦ የ29 ዓመት ወጣት ነኝ። ሥራዬ ከሰው ጋር ፊት ለፊት የሚያገናኝ ስለሆነ በየቀኑ ፂሜን እላጫለሁ። ፀጉሬ ከርዳዳ ነው። ከአገጬ በታችና አንገቴ ላይ ትናንሽ እብጠቶች አይጠፉም። ያሳክካሉ፣ አንዳንዶቹ መግል ይይዛሉ፣ ሲድኑም ጥቁር ምልክት ትተው ይሄዳሉ። ከዓመት በፊት የሚጣለውን መላጫ ትቼ ባለ አምስት ምላጩን ውድ መላጫ ገዛሁ። የመጀመሪያ ሰሞን ፊቴ እንደ ሕፃን ለሰለሰ፤ ከዚያ በኋላ ግን ጭራሽ ባሰብኝ። ተቀያሪው ራስ ስለሚወደድብኝ አንዱን ለአንድ ወር ያህል እጠቀምበታለሁ። አሁን ጓደኛዬ “ወደ ድሮው የብረት መላጫ ተመለስ” ይለኛል። ፀጉር አስተካካዬ “ቶንዶስ ይበቃሃል፣ ምላጭ ተው” ይላል። ስልኬ ላይ ደግሞ እብጠቱን በሦስት ቀን ያጠፋል የሚባል ሴረም ማስታወቂያ ይመላለሳል። የቱን ልግዛ? — አንገቴ ያቃጠለኝ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣

ከሦስቱ ምክሮች አሁን ለእርስዎ የሚበጀው የፀጉር አስተካካይዎ ነው። ጓደኛዎም አልተሳሳተም፤ የእሱ ምክር ግን የሚሠራው አንገትዎ ከዳነ በኋላ ነው። ሴረሙን ይተዉት። ፂም በቀን የሚያድገው 0.4 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ቆዳ ውስጥ የተቀበረ ጫፍ አድጎ ራሱን ነፃ እስኪያወጣ ሳምንታት ይፈጃል እንጂ ይህን በሦስት ቀን የሚያሳጥር ፈሳሽ የለም።

ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን እብጠት የንጽሕና ጉድለት ወይም ተራ ብጉር አድርጎ ያየውና አብዝቶ ይታጠባል፣ ቆዳውን ይፈትጋል፣ “ሳይጠራ ቀርቶ ይሆናል” ብሎ ደግሞ አጥብቆ ይላጫል። የእርስዎ ችግር ቆሻሻ አይደለም። ከርዳዳ ፀጉር ከቆዳ ሥር የሚበቅልበት ቀዳዳ ራሱ የጎበጠ ነው። ሉጫ ፀጉር ቀጥ ብሎ ሲወጣ ከርዳዳው ገና ብቅ ከማለቱ ወደ ጎን ይታጠፋል። ምላጭ አግድም ሰያፍ አድርጎ ሲቆርጠው ደግሞ ጫፉ እንደ መርፌ ይሾላል። ከዚያ በኋላ ከሁለት አንዱ ይሆናል። ወይ ጥቂት ካደገ በኋላ ዞሮ ከቀዳዳው አጠገብ ቆዳውን ወግቶ ይገባል፤ ወይ ጭራሽ ሳይወጣ የቀዳዳውን ግድግዳ ከውስጥ ይበሳዋል። ሰውነት የራሱን ፀጉር እንደ ገባ እሾህ ይቆጥረዋል፤ ቦታው ይቆጣል፣ ያብጣል፣ መግል ይቋጥራል። ጥቁሩ ምልክትም የዚሁ ቁጣ ቅሪት ነው። ሐኪሞች “ሱዶፎሊኩላይቲስ ባርቤ” የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ቀጠሮ ከያዙ ስሙን ቢያውቁት ጥሩ ነው።

አሁን ስለ ባለ አምስቱ ምላጭ። የመጀመሪያ ሰሞን ፊትዎ እንደ ሕፃን የለሰለሰው መላጫው ፂሙን ከቆዳ በታች ስለቆረጠው ነው። ችግርዎን ያባባሰውም ይኸው ልስላሴ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ምላጭ ፀጉሩን ሲቆርጥ ትንሽ ወደ ላይ ይጎትተዋል። የተጎተተው ፀጉር ወደ ቦታው ከመመለሱ በፊት ተከትሎ የሚመጣው ምላጭ ዝቅ ብሎ ይደግመዋል። ቀሪው ሲለቀቅ ከቆዳው መስመር በታች ይሰጥማል። ሉጫ ፀጉር ላለው ሰው ጥሩ ነው፤ ቀጥ ብሎ ተመልሶ ይወጣል። ለከርዳዳ ፂም ግን የሾለውን ጫፍ ከጎበጠው ቀዳዳ ውስጥ አስገብቶ እዚያው እንደ መተው ነው።

የምላጭ ቁጥር እየጨመረ የመጣው ደግሞ በገበያ ፉክክር ነው። የመላጫ አምራቹ ጂሌት ባለ ሁለት ምላጩን መላጫ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1971 ነበር፤ ባለ ሦስቱን በ1998 አመጣ፣ ተፎካካሪው ሺክ በ2003 በባለ አራት መለሰለት፣ ጂሌት በ2006 አምስት አደረሰው። በየዙሩ የተሸጠው አንድ ተስፋ ነው፦ የበለጠ የተጠጋ አላላጭ። እርስዎ የሚያስፈልግዎ የዚህ ተቃራኒ ሆኖ ሳለ በውድ ዋጋ የገዙት ጥልቀት ሆነብዎ። ይህ የእርስዎ ስሕተት አይደለም። ጥቅሉ ላይ “ለማን አይሆንም” የሚል ነገር አይጻፍም፤ መጻፍ ግን ነበረበት።

አንዱን ራስ ለአንድ ወር መጠቀሙም የራሱ ጉዳት አለው። ብረት ከፀጉር እጅግ ይጠነክራል፤ ታዲያ ምላጭ እንዴት ይዶለድማል? እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤምአይቲ) ተመራማሪዎች በማይክሮስኮፕ እንዳሳዩት የስለቱ ጠርዝ እኩል እየተፈተገ ብቻ አያልቅም። ፀጉሩ በሚጎብጥበት ጊዜ ስለቱን በጎን ይገፋዋል፣ ብረቱ ውስጥ ደካማ ቦታ ባለበት ደግሞ ትንንሽ ስባሪ ያነሣል። ጠርዙ እንደ ጥርስ ይሆናል። ጥርስ ያወጣ ምላጭ ፀጉሩን ከመቁረጥ ይልቅ ይጎትተዋል፣ ሳያውቁት እጅዎ ይጫናል፣ አንዱን ቦታ ሦስት አራት ጊዜ ይደጋግሙታል። ራሱ ላይ ያለችው ቀለም ያላት ማለስለሻም ከጥቂት አጠቃቀም በኋላ አልቃ ባዶ ፕላስቲክ ሆናለች። ማንኛውም ራስ ከአምስት እስከ ሰባት ጊዜ ካገለገለ ይበቃዋል።

እንግዲህ የሚያደርጉትን እንንገርዎ። ለሚቀጥሉት አራት ሳምንታት ምላጭ አንገትዎን አይንካው። ሥራ ቦታ ፂም አሳድገው መሄድ እንደማይመችዎ ይገባናል፤ ስለዚህ በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ ቶንዶስ ይጠቀሙ፣ አንድ ሚሊሜትር ያህል እንዲተርፍ አድርገው። አንድ ሚሊሜትር ከአንድ ክንድ ርቀት ለሚያይ ሰው ንጹሕ ፊት ነው፤ ለፀጉሩ ግን ከቆዳ በላይ ለመቆየት ይበቃዋል። የቁጥሩ ነገር ብዙ ሰው ያሳስታልና ይጠንቀቁ። በብዙ ቶንዶሶች “አንድ ቁጥር” 3 ሚሊሜትር ገደማ፣ “ግማሽ ቁጥር” 1.5 ሚሊሜትር ገደማ ያስቀራል። ያለ ማበጠሪያ የሚላጨው “ዜሮ” ደግሞ እንደ ምላጮቹ አቀማመጥ ይለያያል። ፀጉር አስተካካዮች ጠርዝ ለማሳመር ሲሉ የሚንቀሳቀሰውን ምላጭ ከቋሚው ምላጭ ጫፍ ጋር እኩል ያደርጉታል። እንዲህ የተስተካከለ ማሽን ቆዳ ይነክሳል፣ ፀጉሩንም እንደ ምላጭ አጥብቆ ይቆርጣል። ለጠርዝ ማውጫ የሚሠሩበትን ማሽን አንገትዎ ላይ እንዳያሳርፉ አስቀድመው ይንገሯቸው።

የራስዎን ቶንዶስ ከገዙ ጥርሶቹን ቆዳዎ ላይ ጠፍጣፋ አስደግፈው በቀስታ ይንዱት፣ አይጫኑት። ቆዳዎን በሌላው እጅ አይወጥሩት። መወጠሩ ባለ አምስቱ ምላጭ የሠራውን ሥራ እዚህም ይሠራል፤ ሲለቁት ፀጉሩ ወደ ውስጥ ይሸሻል። ከእያንዳንዱ አጠቃቀም በኋላ ጥርሶቹን በብሩሽ ያራግፉ፣ በማሽኑ ዘይት አንድ ሁለት ጠብታ ያድርጉና ለአሥር ሰከንድ ያስሩጡት። ዘይት ያጣ ቶንዶስ ይግላል። የጋለ ብረት ደግሞ የቆሰለ አንገትን ያቃጥላል።

የተቀበሩትን ፀጉሮች እንዴት እንደሚያወጡ በጥንቃቄ ያንብቡ፤ ብዙ ጠባሳ የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው። ንጹሕ ጨርቅ በሞቀ ውኃ ነክረው ጨምቀው ለአሥር ደቂቃ ያህል በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ አንገትዎ ላይ ያኑሩ። ሙቀቱ ቆዳውን ያለሰልሰዋል፣ አንዳንዱ ፀጉርም ራሱ ይወጣል። ከዚያ በመስተዋትና በጥሩ ብርሃን ሲያዩ ጥቁር ክር የመሰለ ነገር ከቆዳ ሥር ተጎንብሶ፣ ሁለቱም ጫፉ የተቀበረ ቀለበት ሠርቶ ሊታይዎ ይችላል። ቀለበቱ ከላይ የሚታይ ከሆነ ብቻ በአልኮል የተጠረገ መርፌ በቀለበቱ ሥር አስገብተው ጫፉን ወደ ላይ ያንሡት። አንሥተው ይተዉት፤ አይንቀሉት። የተነቀለ ፀጉር ከሥሩ እንደ አዲስ ሲበቅል ያንኑ የጎበጠ መንገድ ቆዳ ውስጥ እንዳለ ሙሉውን ይሄዳል፣ ከበፊቱም የባሰ እብጠት ያመጣል። የማይታየውን ቆፍረው አይፈልጉ፣ እብጠቱንም አይጭመቁ። በመጀመሪያው ሳምንት ፀጉሩ ሲያቆጠቁጥ ማሳከኩ ሊጨምር ይችላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ምላጩን መልሶ ያነሣል። እባክዎ ይታገሡ፤ ፀጉሩ እየረዘመ ሲሄድ የገባውን ጫፍ እንደ ስፕሪንግ ስቦ ያወጣዋል።

ከመድኃኒት ቤት ሊረዱዎ የሚችሉ ጥቂት ነገሮች አሉ፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይጀምሩ። ግላይኮሊክ አሲድ ያለበት ሎሽን ወይም 2 በመቶ ሳሊሲሊክ አሲድ በማታ መቀባት የላይኛውን የሞተ ቆዳ ስለሚያሳሳ ፀጉሩ እንዲወጣ መንገድ ይከፍታል። በአንድ ቀን ልዩነት ጀምረው ቆዳዎ ሲለምድ በየቀኑ ያድርጉት። መግል የያዙ እብጠቶች ካሉ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ያለበት መታጠቢያ ይጠቅማል፤ ፎጣና የሸሚዝ ኮሌታ እንደሚያነጣ ግን አይርሱ። በጣም ሲያሳክክ 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን ለጥቂት ቀናት በስሱ መቀባት ይቻላል፤ ከአንድ ሳምንት በላይ ግን ያለ ሐኪም አይቀጥሉ።

አራት ሳምንት አልፎ አዲስ እብጠት ካልወጣ፣ ነባሮቹም ከጠፉ፣ ምላጭ መጠቀም ከፈለጉ የጓደኛዎ ምክር ጊዜው ደረሰ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ግን ፀጉርዎ ወዴት እንደተኛ ማወቅ አለብዎት። ሁለት ቀን ካልላጩ በኋላ በጣትዎ ጫፍ አንገትዎን በአራት አቅጣጫ ያሹት፦ ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። ለስላሳ የሆነው ፀጉሩ የተኛበት ነው፣ የሚከረክረው ተቃራኒው። ጣትዎ አልለይ ካለዎ ጥጥ ይጠቀሙ፤ በተቃራኒው ሲሄድ ይያዛል። ጉንጭ ላይ ፀጉር አብዛኛውን ጊዜ ወደ ታች ይተኛል። አንገት ላይ ግን ይገለበጣል፤ ከማንቁርት በታች ሽቅብ የሚያድግ፣ በጎን በኩል ወደ ጆሮ የሚተኛ፣ አንዳንዴም ክብ ሠርቶ የሚዞር ፀጉር አለ። አንገቱን ከላይ ወደ ታች የሚላጭ ሰው “ፀጉሩን ተከትዬ ነው” እያለ ግማሹን በተቃራኒው እየላጨ ሊሆን ይችላል። እብጠቱ ሁልጊዜ የሚበዛበትን ቦታ ከዚህ ጋር ያስተያዩ፤ ብዙ ጊዜ ይገጥማል። ያገኙትን በወረቀት ላይ በቀስት ስለውት ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት መስተዋቱ ላይ ቢለጥፉት እጅዎ እስኪለምድ ይጠቅምዎታል።

የብረት መላጫ የሚባለው ባለ አንድ ምላጭ መያዣ ነው። በሁለቱም ጎን የተሳለ ስስ ምላጭ ይገባበታል፤ በአንድ ጊዜ ቆዳ የሚነካው ግን አንዱ ስለት ብቻ ነው። ኪንግ ካምፕ ጂሌት ይህን ዓይነት መላጫ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1903 ሲሆን አሠራሩ ያን ያህል አልተለወጠም። አሁን እንደ ፋሽን ተመልሶ ስለመጣ ገበያው ሰፍቷል፤ ሻጮችም “ጠንካራ”፣ “ጥልቅ” እያሉ ያሞግሱታል። ለእርስዎ ለስላሳውን ይምረጡ። ራሱ እንደ ማበጠሪያ የተከፈተ ሳይሆን ድፍን ጠርዝ ያለው፣ የምላጩ ጫፍም ከጠርዙ እምብዛም የማይወጣ መሆን አለበት። ብዙዎቹ ሦስት ክፍል አላቸው፦ ክዳን፣ መደብና እጀታ። ምላጩን አጭሩን ጎኑን ይዘው ክዳኑ ላይ ያስቀምጡ፣ መደቡን ይግጠሙ፣ እጀታውን እስኪጠብቅ ያዙሩ። ከዚያ ከላይ ዓይንዎን አድርገው ይመልከቱ። በሁለቱ ጎን የሚታየው የምላጭ ጠርዝ እኩል ካልሆነ ይፍቱትና እንደገና ይግጠሙት፤ አንዱ ጎን የበለጠ ከወጣ ይቆርጥዎታል።

ዋጋውን ሲያወዳድሩ የመያዣውን ዋጋ ብቻ አይዩ። የአንዱን ምላጭ ወይም የአንዱን ራስ ዋጋ በትክክል ለሚያገለግልበት ጊዜ ያካፍሉት፦ ለስስ ምላጭ ሦስት እስከ አምስት ጊዜ፣ ለባለ ብዙ ምላጭ ራስ አምስት እስከ ሰባት። ልዩነቱ ያኔ ይታይዎታል። ስስ ምላጭ ርካሽ ስለሆነ “ገና ነው” ብሎ ማስረጀት አያስፈልግም፤ ለቆዳዎ ትልቁ ጥቅምም እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ጊዜ ግን ትልቅ ፓኬት አይግዙ፤ የተለያዩ ዓይነቶች ከእያንዳንዳቸው ጥቂት ይሞክሩ። አንዱ ሰው የሚወደው ምላጭ ሌላውን ሊያሳርር ይችላል።

አላላጩን በዝርዝር እንሂድበት። የሚላጩት ገላዎን ከታጠቡ በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ ካልሆነ ፊትዎን ለሦስት ደቂቃ ያህል በለብታ ውኃ ያርሱት። ውኃ የጠጣ ፀጉር ከደረቅ ፀጉር በጣም ባነሰ ኃይል ይቆረጣል። አረፋውን ቀብተው ወዲያው አይጀምሩ፣ ሁለት ደቂቃ ይስጡት። ቅዝቃዜ የሚያሰማ ሜንቶል ወይም ኃይለኛ ሽቶ ያለበትን አረፋ ይተዉት። እጀታውን ከጫፉ በሁለት ሦስት ጣት ብቻ ይያዙት፤ ጭብጥ አድርጎ የያዘ እጅ መጫኑ አይቀርም። የመላጫውን ራስ ጉንጭዎ ላይ አስደግፈው እጀታው ከፊትዎ ጋር ቀጥ ብሎ ወደ ውጭ እንዲቆም ያድርጉ። በዚህ አቋም ምላጩ ቆዳ አይነካም። አሁን እጀታውን ቀስ እያሉ ወደ ታች ዝቅ ያድርጉ፤ ምላጩ ፀጉር ሲይዝ ይሰማዎታል፣ ትንሽ ድምፅም አለው። እዚያ ላይ ይቁም፤ ምላጩ ከቆዳው ጋር 30 ዲግሪ ገደማ ነው። በዚያው ማዕዘን ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲሜትር ብቻ ይሂዱ፣ ያንሡ፣ ያጥቡ፣ ይቀጥሉ። የብረቱ ክብደት ራሱ ይቆርጣል። ቆዳ አይወጥሩ፣ ፀጉሩን ተከትለው አንድ ጊዜ ብቻ ይሂዱ። የቀረ ካለ አረፋ ደግመው በዚያው አቅጣጫ ያልፉበታል። ባዶ ቆዳ ላይ፣ ሽቅብ፣ “እዚህች ጋ ብቻ” ብለው አይመለሱበት፤ አብዛኛው አዲስ እብጠት የሚመጣው ከዚች አንዲት መመለስ ነው።

ሲጨርሱ በእጅዎ ሲዳስሱት ትንሽ ይከረክራል። ይከርክር። ግቡ ይኸው ነው፤ ለዓይን የጠራ፣ ለጣት ግን የሚሰማ። በየቀኑ ሳይሆን በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ ይላጩ።

በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠቡ፣ በንጹሕ ፎጣ ሳያሹ እየነካኩ ያድርቁ፣ ሽቶ የሌለው ማለስለሻ ይቀቡ። አልኮል የሚበዛበት አፍተርሼቭ የሚያቃጥለው “ስለሚያጸዳ” ነው የሚባለው ትክክል አይደለም፤ የተላጠውን ቆዳ ስለሚያስቆጣው ነው፣ ያደርቀዋልም። መላጫውን አራግፈው ከእርጥብ መታጠቢያ ቤት አውጥተው ያስቀምጡ። ምላጩን በፎጣ አይጥረጉ፤ ስለቱንም ጣትዎንም ይጎዳል። ያለቀውን ምላጭ ክዳኑ ላይ ቀጭን ሽንቁር በተበጀለት ቆርቆሮ ውስጥ ያጠራቅሙና ሲሞላ አሽገው ይጣሉ። ቆሻሻ የሚያነሣ ሰው እጅ አለና ምላጩን እንዲሁ ከረጢት ውስጥ አይወርውሩት።

ጥቁሮቹ ምልክቶች አዲስ እብጠት ካቆመ በወራት ውስጥ እየደበዘዙ ይሄዳሉ። ፀሐይ ያጠቁራቸዋል፤ የመከላከል አቅሙ (ኤስፒኤፍ) ቢያንስ 30 የሆነ ሰንስክሪን፣ ማለትም የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ በየጠዋቱ ይቀቡ። እዚህ ላይ አጥብቀን የምንለምንዎ ነገር አለ። ይዘቱ ያልተጻፈበትን፣ በትንሽ ዕቃ ተቀድቶ “ያነጣል” ተብሎ የሚሸጠውን ክሬም ፊትዎ ላይ አያድርጉ። እንዲህ ባሉ ቅባቶች ውስጥ ክሎቤታሶልን የመሰለ ኃይለኛ ስቴሮይድ፣ አንዳንዴም ሜርኩሪ ይገኛል። ስቴሮይዱ መጀመሪያ ቁጣውን ስለሚያበርድ ሰው ተአምር ይመስለዋል። ከጊዜ በኋላ ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ሥር ይታያል፣ ሲያቆሙት ሽፍታው ብሶ ይመለሳል። ሜርኩሪው ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል።

ወደ ፀጉር ቤት ሲሄዱም የሚጠይቁት ነገር አለ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። ምላጭ ከሆነ አዲስ፣ እርስዎ እያዩ ከወረቀቱ የወጣ ይሁን። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ ለሰባት ቀን ሊኖር ይችላል፤ በዓይን የማይታይ ደም ይበቃዋል። ቶንዶሱ መጀመሪያ በብሩሽ ከፀጉር መጽዳት አለበት፣ ከዚያም በፀረ ተሕዋስያን ፈሳሽ ርሶ ፈሳሹ የሚጠይቀውን ደቂቃ መቆየት አለበት። ፀጉር እንደያዘ አንዴ አልኮል ነፋ አድርጎ ወዲያው መጀመር ሽታውን ነው የሚለውጠው። ሰማያዊ መብራት ያለው ሳጥንም ዕቃ ማስቀመጫ እንጂ ማጽጃ አድርገው አይቁጠሩት፤ መብራቱ ያልነካውን ጎን አያጸዳም። የራስዎን ቶንዶስ ይዘው ቢሄዱ ይህ ሁሉ ይቀርልዎታል። ደግሞም ማጅራትዎ ላይ መስመር ለማውጣት በምላጭ እንዳይላጩ ይንገሯቸው። አንገትዎ እንዲህ የሚቆጣ ከሆነ ማጅራትም ላይ ጠንካራ፣ እየተቆለሉ የሚያድጉ እብጠቶች ሊወጡ ይችላሉ፤ እነዚህ ከአገጭ ይልቅ ለማዳን ያስቸግራሉ።

ስለ ሌሎቹ አማራጮች ባጭሩ። ፀጉር የሚያሟሟ ክሬም ጫፉን ስለማያሾለው አንዳንዱን ሰው ይረዳል፤ ግን ቆዳንም ያቃጥላል፣ ስለዚህ ክንድዎ ላይ ሞክረው፣ አንድ ቀን ጠብቀው፣ ከተጻፈው ደቂቃ አንድም ሳያሳልፉ። በሰም መንቀል ለእርስዎ አይሆንም፤ ምክንያቱን ከላይ ብለናል። ሌዘር በጣም ይሠራል፣ ግን ለጠቆረ ቆዳ የሚስማማው 1064 ናኖሜትር የሆነው ኤንዲ ያግ የሚባለው ነው። ማሽናቸው የትኛው እንደሆነ ሲጠየቁ በግልጽ የማይመልሱ ቦታ ፊትዎን አይስጡ። መላጨት ፀጉር ያወፍራል የሚለውን ደግሞ አያስቡበት፤ የተቆረጠው ጫፍ ደንዳና ሆኖ ለእጅ ስለሚሰማ ነው እንጂ ሥሩ ምላጩን አያውቀውም።

ከእብጠቶቹ አንዱ ሲድን በመጥፋት ፈንታ ከጠነከረና ካደገ፣ መግሉ ከተስፋፋ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ወይም ፂሙ በክብ ቅርጽ እየረገፈ ቆዳው ከተቀረፈ በቤት አይጠብቁ፤ የመጀመሪያው ኬሎይድ የሚባለው እያደገ የሚሄድ ጠባሳ፣ የመጨረሻው ደግሞ የፈንገስ ሕመም ሊሆን ይችላል። አራት ሳምንት ሙሉ ምላጭ ሳይነካው አዲስ እብጠት ከወጣም የቆዳ ሐኪም ይዩ። ያን ጊዜ የሕመሙን ስም የጻፈና አንድ ሚሊሜትር ፂም እንዲተው የሚያዝ ወረቀት ይጠይቁ፤ አለቃዎ ስለ ፂምዎ ካነሡ የሚያሳዩት ይኖርዎታል። እስከዚያው ድረስ ሁለት ጣትዎን አግድም ከማንቁርትዎ በላይ ያሳርፉ፤ ከላይኛው ጣት በታች ያለውን ብቻ በአንድ ሚሊሜትር ያሳጥሩት፣ ከላይ ያለውን ትንሽ አስረዝመው ይተዉት። መስመሩ ከጆሮ ሥር እስከ ጆሮ ሥር ክብ ብሎ ከሄደ ያቆጠቆጠው ፂም ያልተላጨ ሳይሆን የተስተካከለ ሆኖ ይታያል።